ከአንዲት የስንዴ ፍሬ እስከ ሃያ አሃዝ፦ የሸጠረንጅ ገበታው ቁጥር ምን ያስተምረናል?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

የዚህ እትም ርእሳችን አንድ ቁጥር ነው፦

18,446,744,073,709,551,615

ሃያ አሃዝ አለው። ሲነበብ አሥራ ስምንት ኩንቲሊዮን፣ አራት መቶ አርባ ስድስት ኳድሪሊዮን እያለ ይቀጥላል። ኮምፒውተርና ኤሌክትሪካል የሚማሩ ወንድምና እህቶች በ64 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር መሆኑን ያውቃሉ። የቀደምት ዑለሞችን ኪታብ ያገላበጠ ደግሞ በሌላ ስም ያውቀዋል፦ ተድዒፍ ቡዩት አሽ-ሸጠረንጅ፣ የሸጠረንጅ ቤቶች እጥፋት። ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው።

ቁጥሩን የመረጥነው ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ትልቅ ቁጥርማ ማንም ከኋላው ዜሮ እየደረደረ መጻፍ ይችላል። ይህ ቁጥር ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ያስተላለፉት ሰዎችም አንድ አሃዝ እንዳይሳሳት የተጨነቁበት ነው። የእነርሱ ጭንቀት ዛሬ በየስልካችን መልእክት ለምንቀባበል ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለው። መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቀው፣ ወደ ትምህርቱ እንመጣለን ኢንሻአላህ።

የሲሳ ጥያቄ

ታሪኩን በሰፊው ከሚነግሩን አንዱ የደማስቆ ዋና ቃዲ የነበሩት ኢብን ኸሊካን (ረሒመሁላህ) ናቸው። የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1282 ሲሆን "ወፈያቱል አዕያን" በተባለው ታላቅ የሕይወት ታሪክ ስብስባቸው ይታወቃሉ። ስለ ሸጠረንጅ ያነሱት አቡበክር አስ-ሱሊ የተባለውን ዝነኛ ተጫዋች ታሪክ ሲጽፉ ነው። ብዙ ሰዎች ሸጠረንጅን የፈጠረው አስ-ሱሊ እንደሆነ ያምናሉ፣ ይህ ግን ስሕተት ነው ብለው ያርማሉ። ከዚያም ጨዋታውን ፈጠረ የሚባለው ሲሳ የተባለ ሕንዳዊ እንደሆነ ይተርካሉ።

እንደ ትረካው ንጉሡ በጨዋታው እጅግ ተደስቶ "የፈለግከውን ጠይቅ" አለው። ሲሳም በገበታው የመጀመሪያ ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲህ በየቤቱ እያጠፉ እስከ 64ኛው ቤት እንዲሰጡት ጠየቀ። ንጉሡ ጥያቄው አንሶበት ተቀየመ። በኋላ ግን የሒሳብ ሰዎቹ ቀርበው በመንግሥቱ ያለው እህል በሙሉ እንደማይበቃ ነገሩት።

ስለ ጨዋታው ሸሪዓዊ ብይን ዑለሞች የተለያዩበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኛ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ገበታው ሒሳብ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ጨዋታው በአገራችንም በጥንት ጊዜ ሰንጠረጅ እየተባለ ሲጫወቱት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፎቻችን በመደዳና በአምድ የተከፋፈለውን ሁሉ "ሠንጠረዥ" የምንለው ከዚሁ ስም ነው።

ከታሪኩ ይልቅ እኛን የሳበን ቃዲው ስለራሳቸው የጻፉት ነው። ይህ ሁሉ መጠን ከአንዲት ፍሬ ይወጣል መባሉን መጀመሪያ አላመኑም ነበር። ነገር ግን "አይመስለኝም" ብለው አልተዉትም። አንድ የእስክንድርያ የሒሳብ ባለሙያ አግኝተው በወረቀት እንዲያሳያቸው አደረጉ። ሰውየው እስከ 16ኛው ቤት አጥፎ 32,768 ፍሬ ደረሰ፤ ይህን እንደ አንድ ቀደሕ (የግብፅ መስፈሪያ) ቆጠረው። ከዚያ ፍሬ መቁጠሩን ትቶ ቀደሕ፣ ቀጥሎ ከቀደሕ የሚበልጡትን መስፈሪያዎች እያጠፈ ሄደ። በ40ኛው ቤት አንድ ሙሉ ጎተራ ሆነ። በ50ኛው ቤት 1,024 ጎተራ ሆነ፤ ይህን አንድ ከተማ ብሎ ቆጠረው። በ64ኛው ቤት 16,384 ከተማ ደረሰ። ከ50 እስከ 64 አሥራ አራት እጥፋት ነው፤ 2ን 14 ጊዜ ብታባዙት በትክክል 16,384 ታገኛላችሁ። ቃዲው በሒሳቡ የተረቱት በዚህ መንገድ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

በ64ኛው ቤት ብቻ ያለው 9,223,372,036,854,775,808 ፍሬ ነው። ድምሩን ለማግኘት ግን 64 ቁጥር መደመር አያስፈልግም። ትንሹን ተመልከቱ፦

1 + 2 = 3፣ ይህም 4 ሲቀነስ 1
1 + 2 + 4 = 7፣ ይህም 8 ሲቀነስ 1
1 + 2 + 4 + 8 = 15፣ ይህም 16 ሲቀነስ 1

ምክንያቱ ቀላል ነው። በድምሩ ላይ አንድ ፍሬ ጨምሩበት። ያ ፍሬ ከመጀመሪያው ቤት 1 ጋር ተደምሮ 2 ይሆናል፤ ይህ ከሁለተኛው ቤት 2 ጋር 4 ይሆናል፤ ከሦስተኛው ጋር 8። እንዲህ እየተንከባለለ የሚቀጥለው ቤት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የ64ቱ ቤት ድምር፣ 65ኛ ቤት ቢኖር ኖሮ ከሚይዘው አንድ ያነሰ ነው። በሒሳብ አጻጻፍ 2⁶⁴ − 1 ማለት ነው።

2⁶⁴ን ለማግኘትም 64 ጊዜ ማጠፍ አያስፈልግም። 16ን በራሱ ማባዛት 256 ይሰጣል። 256 በራሱ 65,536 ይሆናል። 65,536 በራሱ 4,294,967,296 ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ደግማችሁ በራሱ ብታባዙት 2⁶⁴ ላይ ደረሳችሁ። አራት ማባዛት ብቻ ነው። ይህን አቋራጭ አል-ቢሩኒ ከሺህ ዓመት በፊት ጽፈውታል።

የመጠኑን ነገር ለመረዳት ገበታውን ለሁለት እንክፈለው። የመጀመሪያዎቹ 32 ቤቶች ድምር 4,294,967,295 ፍሬ ነው። አንድ ግራም ስንዴ 25 ፍሬ ገደማ ነው ብንል ይህ ወደ 1,718 ኩንታል ይመጣል። ለንጉሥ ይህ ምንም አይደለም። ግማሹን ገበታ ያየ ሰው "ቀላል ነው" ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን 33ኛው ቤት ብቻውን ከቀደሙት 32 ቤቶች ድምር በአንድ ፍሬ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ ጠቅላላው ወደ 738 ቢሊዮን ቶን ይደርሳል። ዓለም በአሁኑ ጊዜ በዓመት የምታመርተው ስንዴ 800 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስለሆነ፣ ዕዳው የዘጠኝ መቶ ዓመት ምርትን ይበልጣል ማለት ነው። ፍሬውን በሰከንድ አንድ እየቆጠርን ብንቀጥል 584 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል።

አል-ቢሩኒ ለምን ሦስት ጊዜ ጻፉት?

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) በኸዋሪዝም እ.ኤ.አ. በ973 የተወለዱ ሊቅ ናቸው። "አል-ኣሣሩል ባቂያ" የተባለውን የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር የሚያወዳድር ኪታባቸውን የጻፉት በ1000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነበር። ከብዙዎቻችን እምብዛም በማይበልጥ ዕድሜ ማለት ነው።

ኪታቡ በዓመታትና በቀናት ቁጥሮች የተሞላ ነው። በዚያ ዘመን ኪታብ የሚባዛው በእጅ ነው። ጸሐፊው የደከመው፣ መብራቱ የደበዘዘ፣ አንድ አሃዝ ከሌላው ጋር የተመሳሰለበት እንደሆነ ቁጥሩ ይበላሻል። በተሰበረ ቃል ላይ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ማረም ይችላል፤ በተሰበረ ቁጥር ላይ ግን ምንም የሚያሳውቅ ነገር የለም። 7 የነበረው 9 ቢሆን ማን ያውቃል?

የአል-ቢሩኒ መፍትሔ ቁጥሩን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ማስፈር ነበር። አንደኛው የሕንድ አሃዝ፣ ዛሬ የምንጠቀምበት ባለ አሥር ሥርዓት ነው። ሁለተኛው የኮከብ ቆጠራ ሊቃውንት የሚጠቀሙበት ባለ ስልሳ ሥርዓት ነው፤ ዛሬም በሰዓትና በደቂቃ የምናየው። ሦስተኛው ሒሳቡል ጁመል ነው። በመድረሳ አብጀድ፣ ሀወዝ፣ ሑጢ፣ ከለመን እያልን እንደምናውቀው አሊፍ 1፣ ባእ 2 እያለ እስከ ገይን 1000 የሚሄደው የፊደል ቁጥር ማለት ነው። በአንዱ አጻጻፍ ላይ ጥርጣሬ ቢነሣ የቀሩት ሁለቱ ምስክር ይሆናሉ። ይህን ዘዴ ለማሳየት በምሳሌነት የመረጡት የሸጠረንጁን ቁጥር ነበር።

ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ይህን ስናይ ወዲያው የምናስታውሰው ነገር አለ። ዛሬ መረጃ በገመድ ወይም በአየር ሲተላለፍ ከዋናው መልእክት ጋር የማረጋገጫ ቁጥር አብሮ ይላካል፤ ተቀባዩ ሁለቱን ያመሳክራል፣ ካልተስማሙ ድጋሚ ላክልኝ ይላል። የሐዲስ ዑለሞችም ዘገባን በአንድ መንገድ ብቻ ከመጣ ይልቅ በተለያዩ መንገዶች ሲመጣ የሚያዩበት ዓይን ከዚህ የራቀ አይደለም። ምስክሮቹ በተለያየ መንገድ ከመጡ አንድ ዓይነት ስሕተት መሳሳታቸው ይከብዳል።

ምስክሮቹን እንጥራ

አሁን እናንተ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ሰዎች ከላይ የጻፍነው ባለ ሃያ አሃዝ ቁጥር ትክክል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? እኛን ማመን አያስፈልጋችሁም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

የመጀመሪያው ምስክር የመጨረሻው አሃዝ ነው። 2ን እያጠፋችሁ ስትሄዱ የመጨረሻዎቹ አሃዞች 2፣ 4፣ 8፣ 6፣ እንደገና 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያሉ በየአራቱ ይደጋገማሉ። 64 ለአራት ስለሚካፈል 2⁶⁴ በ6 ያልቃል። አንድ ሲቀነስ 5። ቁጥራችን በ5 ያልቃል።

ሁለተኛው ምስክር የቀደምት የሒሳብ ሊቃውንት "ሚዛን" የሚሉት ነው፤ በዘጠኝ መመዘን። የአንድ ቁጥር አሃዞች ድምር ለዘጠኝ ሲካፈል የሚተወው ቀሪ፣ ቁጥሩ ራሱ ከሚተወው ቀሪ ጋር እኩል ነው። የ2 እጥፋቶች በዘጠኝ ሲመዘኑ ቀሪያቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 7፣ 5 እያለ በየስድስቱ ይደጋገማል። 64 ማለት አሥር ስድስቶችና 4 ትርፍ ነው፤ ስለዚህ 2⁶⁴ እንደ 2⁴ ሆኖ 7 ይተዋል። አንድ ሲቀነስ 6። አሁን የቁጥራችንን አሃዞች ደምሩ፦ 87 ይመጣል፤ 8 እና 7 አሥራ አምስት፣ 1 እና 5 ደግሞ 6። ተስማሙ።

ይህ ምስክር ግን ደካማ ጎን አለው። አሃዞቹ ቦታ ቢለዋወጡ ድምራቸው አይለወጥም። አንድ ሰው 709 ያለውን ቦታ ተሳስቶ 790 ብሎ ቢጽፈው ሚዛኑ ምንም አይልም። ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር እንጨምር፤ በአሥራ አንድ መመዘን። ከቀኝ ጀምሮ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ ያሉትን አሃዞች ደምሩ፦ 62። ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ ያሉትን ደምሩ፦ 25። ልዩነቱ 37 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 4 ይተዋል። በሌላ በኩል የ2 እጥፋቶች በ11 ሲመዘኑ በየአሥሩ ስለሚደጋገሙ 2⁶⁴ እንደ 2⁴ ሆኖ 16 ይሆናል፣ ከ11 በኋላ 5 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 4። ተስማሙ። በ790 የተሳሳተውን ቁጥር በዚህ ብንመዝነው ግን 8 ይመጣና ስሕተቱ ይጋለጣል።

ምስክሮቹ ተስማሙ ማለት ቁጥሩ ያለ ጥርጥር ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ሦስቱንም የሚያልፍ ስሕተት ሊኖር ይችላል። ካልተስማሙ ግን ቁጥሩ በእርግጥ ስሕተት ነው። ማጣራት ዕውቀትን ሙሉ ባያደርግም ውሸትን ያወጣል።

በውስጡ ያሉት ሰባት ቁጥሮች

ቁጥሩ በ5 ስለሚያልቅ ለ5 ይካፈላል። የአሃዞቹ ድምር 87 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል። ሌሎቹን ለማግኘት ከትምህርት ቤት የምናውቀውን ሕግ እንጠቀም፦ አንድን ቁጥር በራሱ አባዝተን አንድ ስንቀንስ፣ ከዚያ ቁጥር አንድ ያነሰውን በአንድ ከሚበልጠው ማባዛት ማለት ነው። ለምሳሌ 10 × 10 − 1 = 9 × 11።

ስለዚህ የሙሉው ገበታ ድምር 4,294,967,295 × 4,294,967,297 ነው። የመጀመሪያው የግማሽ ገበታው ድምር ነው! ያንን ግማሽ እንደገና በዚሁ ሕግ እየከፈልን ስንወርድ ይህን እናገኛለን፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

እያንዳንዱ ቁጥር የ2 እጥፋት ሲደመር 1 ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ለሌላ አይካፈሉም። በ17ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ፌርማ ይህን አይቶ በዚህ መንገድ የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አላቀረበም። ሰውየው በቁጥር ሳይንስ የተመሰከረለት ስለነበር ቃሉ ክብደት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1732 ግን ኦይለር ስድስተኛውን ቁጥር መርምሮ ብቸኛ እንዳልሆነ አሳየ፦

4,294,967,297 = 641 × 6,700,417

ማባዛቱን በእጅ መሥራት ትችላላችሁ። ዛሬ ሳናባዛም በአጭሩ እንዲህ እናረጋግጣለን። 640 ከ641 አንድ ያንሳል፤ ስለዚህ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው ማለት እንችላለን። −1 አራት ጊዜ ሲባዛ 1 ስለሚሆን 640⁴ ቀሪው 1 ነው። 640 ደግሞ 5 × 2⁷ ነው፤ ስለዚህ 640⁴ ማለት 625 × 2²⁸ ነው። 625 ከ641 በ16 ስለሚያንስ ቀሪው −16፣ ማለትም −2⁴ ነው። እንግዲህ −2⁴ × 2²⁸ = −2³² ቀሪው 1 ከሆነ፣ 2³² ላይ 1 ሲጨመር ቀሪው 0 ነው። ማለትም 2³² + 1 ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

በመጨረሻ ቁጥራችን ሰባት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሆነ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417። እያንዳንዱን መውሰድ ወይም መተው ስለሚቻል ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች በድምሩ 128 ናቸው። አምስት ምሳሌ ልክ ስለሆነ ስድስተኛውም ልክ ይሆናል የሚል ሕግ እንደሌለ ከፌርማ እንማራለን። የተናጋሪው ታላቅነትም ማረጋገጫን አይተካም።

ከገበታው ወደ ማሽኑ

አንድ ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ ነው። የሸጠረንጁን ገበታ አስቡት፤ በየቤቱ ያለውን ክምር ወይ እንወስዳለን ወይ እንተዋለን። 13 ለመሥራት የ8ን፣ የ4ንና የ1ን ቤት እንወስዳለን። ከ0 ጀምሮ እስከ ባለ ሃያ አሃዙ ቁጥራችን ድረስ ያለ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱም አንድ መንገድ ብቻ አለው። ሁሉንም ቤት ስንወስድ ትልቁ ላይ ደረስን። የ64 ቢት ማሽን ወሰኑ ከገበታው ጋር አንድ የሆነው ለዚህ ነው።

በውጭ የሒሳብና የፕሮግራሚንግ መጻሕፍት "የኢትዮጵያ ማባዣ" የሚባለው ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። 13ን በ24 ለማባዛት 13ን እያጋመሱ (13፣ 6፣ 3፣ 1) 24ን ያጥፋሉ (24፣ 48፣ 96፣ 192)። ከጎደሎዎቹ 13፣ 3 እና 1 ጎን ያሉትን መደመር ነው፦ 24 + 96 + 192 = 312።

ወሰኑ ላይ ሲደረስ ምን ይሆናል? ማሽኑ በትልቁ ቁጥር ላይ 1 ሲጨመርበት ወደ 0 ይመለሳል። ይህ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት በመጀመሪያ በረራው ከተነሣ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ፈንድቷል። ምክንያቱ ፕሮግራሙ ትልቅ ቁጥርን ከ32,767 በላይ በማይይዝ ባለ 16 ቢት ቦታ ለማስገባት መሞከሩ ነበር። ጊዜን ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ እየቆጠሩ በ32 ቢት የሚይዙ አሮጌ ሥርዓቶችም እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ ከ2,147,483,647 አልፈው መቁጠር አይችሉም። ነገ እነዚህን ሥርዓቶች የምንሠራው እኛ ነን። ቁጥሩ ቦታው ይበቃው እንደሆነ መጠየቅ የሙያ አማና ነው።

እጥፋት በሕይወታችን

የሲሳ ገበታ ከእኛ ሕይወት በሁለት በኩል ይገናኛል።

አንደኛው ዕዳ ነው። በጃሂሊያ ዘመን ባለዕዳው መክፈል ሲያቅተው ጊዜው ይራዘምለትና ዕዳው ይጨመርበት ነበር። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 130ኛ አንቀጽ ሪባ ከእጥፍ ድርብነቱ ጋር ተያይዞ ተከልክሏል። የክልከላውን ጥበብ ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ነው፤ ሒሳቡ ግን ለማንም ግልጽ ነው። 1,000 ብር በየዓመቱ ቢታጠፍ በአሥር ዓመት 1,024,000 ብር ይሆናል። "እጥፍ አይደለም፣ 15 በመቶ ብቻ ነው" ለሚልም፣ በወለድ ላይ ወለድ እየታሰበ 15 በመቶ በአምስት ዓመት ውስጥ ዕዳውን ያጥፈዋል። ልክ እንደ ንጉሡ ባለዕዳውም የሚያየው የገበታውን መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። አንድ ሰው ያልተጣራ ወሬ ለሁለት ሰው ላከ እንበል። እነርሱም እያንዳንዳቸው ላልሰሙ ሁለት ሁለት ሰዎች ላኩ። በ27ኛው እጥፋት 134,217,728 ይደርሳል፤ ከአገራችን ሕዝብ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። በ33ኛው ደግሞ ከዓለም ሕዝብ ይበልጣል። እርግጥ በተግባር ወሬው ተመልሶ ለሰሙት ሰዎች ስለሚደርስ እጥፋቱ በአንድ ቦታ ይዳከማል። በሌላ በኩል ግን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዴ መንካት ለሁለት ሳይሆን ለመቶዎች ማድረስ ነው።

የሚላከው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰነዱ የማይታወቅ "ሐዲስ"፣ ለአሥር ሰው ካልላክህ ይህ ይደርስብሃል የሚል ማስፈራሪያ፣ ማንም ያልቆጠረው "የቁርኣን የቁጥር ተአምር"። የመጨረሻው በተለይ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም በመልካም ኒያ ነው የሚላከው። የአላህ ቃል እውነትነት ግን እኛ ሳናጣራ በምናስተላልፈው ድምር ላይ የቆመ አይደለም። ቁጥሩ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ የሚያፍረው ቁርኣን አይደለም፤ እኛ ነን። ይባስ ብሎም በእኛ አምኖ ለክፍል ጓደኛው ያስረዳ ወንድም ወይም እህት መልስ ያጣል። ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ታዘናል። ትእዛዙ የማይመቸንን ወሬ ብቻ ለይቶ አልነካም፤ ደስ የሚያሰኘንም ይጣራል።

"እኔ አንድ ሰው ብቻዬን ባቆም ምን ይለወጣል?" የሚል ካለ መልሱ ገበታው ላይ አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተቀባዮች አንዱ ቢያቆም ከዚያ በኋላ ሊደርስ ከነበረው ሰንሰለት ግማሹ ይቀራል። በሁለተኛው ዙር ካሉት አራት ሰዎች አንዱ ቢያቆም ሩቡ ይቀራል። በአሥረኛው ዙር ያለ አንድ ሰው ቢያቆም ግን የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ማስተካከያ መላክም እንደዚሁ ነው፤ እስከ ዘጠነኛው ዙር ድረስ ከላኪው ጋር 1,023 ሰው ወሬውን ይዞታል፣ ማስተካከያው እያንዳንዳቸውን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ስለዚህ የማጣራት ዋጋው ከሁሉ የሚበልጠው ወሬው ገና ትንሽ ሳለ፣ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ሳያውቀው ነው።

መልካም ነገርም በዚሁ መንገድ ይባዛል። በአላህ መንገድ የሚሰጥ ሰው ምንዳ በሱረቱል በቀራ 261ኛ አንቀጽ በአንዲት ዘር ተመስሏል፤ ሰባት መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ። አንድ ትክክለኛ መስአላ ከኡስታዝ ተምሮ ለሁለት የዶርም ጓደኞች በትክክል ያስተላለፈ ሰው የገበታውን የመጀመሪያ ቤት ሞልቷል።

በዚህ ሳምንት እንዲህ እናድርግ። ቁጥር ያለበት መልእክት ሲደርሰን፣ የዘገባም ይሁን የስታቲስቲክስ፣ ከመላካችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ከየት መጣ? በሌላ መንገድስ ምስክር አለው? የሐዲስ ከሆነ ሰነዱን የሚያውቁ ኡስታዞቻችን አሉ፤ የሒሳብ ከሆነ እስክሪብቶ አለን። መልስ ካላገኘን መልእክቱ ስልካችን ላይ ይቅር። ለልምምድ ደግሞ የ32 ቤቶቹን ድምር፣ 4,294,967,295፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ መዝኑትና መልሱን ለሚቀጥለው እትም አምጡልን። አሠራሩን ጽፎ ያመጣ ሰው ስሙ ይወጣለታል ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፣ ከምናስተላልፈው ነገር ተጠያቂነትም ያድነን። ወላሁ አዕለም።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።